«ፊልም እኮ ነው» ይለኛል፤ እኔ ግን ያቺን ቀዳዳ አውቃታለሁ

ደብዳቤው

ጤና ይስጥልኝ። የ32 ዓመት ሴት ነኝ። ካገባሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ የሁለት ዓመት ልጅ አለን። ባለቤቴ የድሮ ፊልም ነፍሱ ነው። ቅዳሜ ማታ ልጃችን ሲተኛ መብራት አጥፍተን፣ ፈንዲሻ ይዘን አንድ ፊልም እናያለን። የሳምንቱ ትልቁ ደስታዬ ይህ ነው፣ አልዋሽም።

ከወር በፊት የአልፍሬድ ሂችኮክን «ሪር ዊንዶው» አየን። እግሩ ተሰብሮ ቤት የዋለ ፎቶ አንሺ ጎረቤቶቹን በመስኮት ሲያይ ይውላል። አንዱ ጎረቤት ሚስቱን ሳይገድል አልቀረም ብሎም ይጠረጥራል። በጣም ነው የወደድኩት። ሳምንቱን ሙሉ መሥሪያ ቤት ሳወራው ከረምኩ። በቀጣዩ ቅዳሜ ባለቤቴ «እንግዲያው ዋናውን ላሳይሽ» ብሎ «ሳይኮ»ን ከፈተ።

የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ልጅ ግድግዳው ላይ ያለውን ሥዕል አንስቶ ልጅቷን በቀዳዳ ሲያያት ተነሳሁ። ውኃ ልጠጣ ብዬ ወጥ ቤት ገባሁ። የታጠበ ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመርኩ። ከሳሎን የቫዮሊኑ ጩኸት ይሰማኛል። እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቴ መጥቶ «ምን ሆነሽ ነው? ፊልም እኮ ነው» ብሎ አቀፈኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ21 ዓመቴ፣ ሥራ እንደጀመርኩ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቼ ነበር። መታጠቢያ ቤቱ የጋራ ነው፤ ግድግዳው ቆርቆሮ። የድሮ ሚስማር ቀዳዳ ነበረው። ከሰዓት በኋላ ስታጠብ በዚያች ቀዳዳ ክር የምታህል ብርሃን ገብታ ባልዲው ውኃ ላይ ታርፋለች። ደስ ትለኝ ነበር። አንድ ቀን ብርሃኗ ጠፋች። ደመና መሰለኝ። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች። ደግሞ ጠፋች። ያኔ ገባኝ። በቆርቆሮው ሥር ጫማውን አየሁት፤ የአከራዮቼ ልጅ ነበር። ምንም አላልኩም። ቁራጭ ሳሙና ጠቅጥቄ ቀዳዳውን ደፈንኩት። ግቢውን እስክለቅ ድረስ የምታጠበው ሌሊት፣ መብራት ሳላበራ ነበር። ለእናቴም፣ ለባለቤቴም፣ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አሁን ባለቤቴ የሂችኮክን ፊልሞች ሰብስቦ ቅዳሜን ይጠብቃል። ተራ ነገር አካብጄ ይሆን? እንዲተወው ልንገረው? ደግሞ ሌላ የሚያሳፍረኝ ነገር አለ። «ሪር ዊንዶው»ን ሳይ እኔም ከሰውዬው ጋር ሰው ቤት ሳጮልቅ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ታዲያ እኔ ከዚያ ልጅ በምን እሻላለሁ?

ሰ. ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ ሰ.፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቴም ባልዲው ውኃ ላይ ስደርስ ቆምኩ። «ደስ ትለኝ ነበር» ነው ያልሽው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገርሽውን ስትጽፊልኝ እንኳ ያቺን ብርሃን አልረሳሻትም። ያ ልጅ የወሰደብሽ ይህንንም ጭምር ነው። ቀን በብርሃን፣ ማንም ሳይነካሽ የምትታጠቢባትን ሰዓት።

ስለዚህ አላካበድሽም። የታጠበ ሳህን ስታጥቢ ሰውነትሽ አንድ የሚያውቀው ነገር ገጥሞት ነው። ይህንን ካስቀመጥን በኋላ የፊልሙን ቦታ አብረን ቀስ ብለን እንየው። እንደሚመስለኝ ለባልሽ የምትነግሪው ነገር እዚያው ውስጥ አለ። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ።

«ሳይኮ» የወጣው በ1960 ነው። ጃኔት ሊ የተጫወተቻት ሜሪየን አሠሪዋ ባንክ አስገቢ ያላትን 40,000 ዶላር ይዛ ጠፍታለች። በዚያች ማታ ግን ልትመለስ ወስናለች። ክፍሏ ውስጥ ለብቻዋ ናት። የማረፊያው ባለቤት ልጅ ኖርማን ሥዕሉን ያወርድና ዓይኑን ቀዳዳው ላይ ያደርጋል። ካሜራው ያን ዓይን ከጎን አቅርቦ ያሳየናል። ከወዲያኛው ክፍል የሚመጣው ብርሃን ዓይኑ ላይ አርፏል። ቀጥሎ ካሜራው ራሱ በቀዳዳው ያያል። ለዚያች አፍታ ተመልካቹ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ የኖርማንን ዓይን ተውሷል።

ተመልከቺ እንግዲህ። በፊልሙ ብርሃኑ የሚያርፈው በሚያየው ሰው ዓይን ላይ ነው። አንቺ ያን ብርሃን የምታውቂው ከሌላው ወገን ነው፤ ሲጠፋብሽ። ባልሽ ሶፋው ላይ ሆኖ ከቀዳዳው ወዲህ ነበር። አንቺ እዚያው ሶፋ ላይ፣ ትከሻሽ ትከሻውን እየነካ፣ ከቀዳዳው ወዲያ ነበርሽ። እሱ ይህን አያውቅም። የሳቀው ባለማወቁ ነው።

ያ ያወረደው ሥዕል የማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የሶስና ነው። በእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከዳንኤል ጋር የምናነባት ሶስና። በአትክልት ቦታዋ ልትታጠብ ስትል ሁለት ሽማግሌዎች ተደብቀው ያዩዋታል። እምቢ ስትላቸው በሐሰት ይመሰክሩባታል። ሥዕሉ በድንገት እዚያ አልተሰቀለም። ሂችኮክ በፊልሙ ማስታወቂያ ላይ ራሱ ወጥቶ ሥዕሉን እያሳየ ትልቅ ትርጉም እንዳለው ይናገራል። ይህ ነገር ብዙ ጊዜ ያሳስበኛል። መጽሐፉ ላይ ሶስና ትጮኻለች፣ ታለቅሳለች፣ ወደ አምላኳ ትናገራለች። ዳንኤልም ሁለቱን ሽማግሌዎች ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃቸው?» ብሎ ይጠይቅላታል። የአውሮፓ ሠዓሊዎች ግን ለብዙ መቶ ዓመታት መርጠው የሳሉት ስትታጠብ ያለውን ነው። የተናገረች ሴት ታሪክ የምትታይ ሴት ሥዕል ሆነ። በፊልሙም ያ ሥዕል የቀዳዳ መክደኛ ሆኖ መጣ።

«ሶስና ጮኸች፣ እኔ ዝም አልኩ» ብለሽ እንዳታስቢ እሰጋለሁ። ሶስና ስትጮህ ሮጠው የሚደርሱ ቤተሰቦች ነበሯት። አንቺ በ21 ዓመትሽ በሰው ግቢ ነበርሽ፤ አቤት የምትያቸው ሰዎች የልጁ እናትና አባት ናቸው። ክፍሉን ብታጪ ማደሪያ የለሽም። ያለሽ ነገር ቁራጭ ሳሙና ነበር። በእሱ ደፈንሽው። እኔ ይህን ዝምታ አልለውም።

አሁን ወደ ባልሽ። በጻፍሽልኝ ልክ ደግ ሰው ይመስለኛል። ፊልሙን ስለወደደ አንቺን ይንቃል ማለት አይደለም። እነዚህ ፊልሞች ተመልካቹን እዚያ ቦታ ለማስቀመጥ ተብለው በታላቅ ችሎታ የተሠሩ ናቸው። በ1975 ላውራ መልቪ የምትባል እንግሊዛዊት ምሁር ይህን ጉዳይ በአንድ ጽሑፍ አነሳችው። በእነዚህ ፊልሞች ዘመን ሆሊውድ ውስጥ ወንዱ ያያል፣ ሴቷ ትታያለች፤ ካሜራውም ተመልካቹም ከወንዱ ጋር ይቆማሉ የሚል ነው ሐሳቧ። ከምሳሌዎቿ መካከል እናንተ ያያችሁት «ሪር ዊንዶው» አለበት፤ ሌሎቹ የሂችኮክ ፊልሞች «ቨርቲጎ»ና «ማርኒ»ም አሉበት። ጽሑፉ እስከ ዛሬ በፊልም ትምህርት ቤቶች ይነበባል። አንቺ ግን ሳታነቢው ወጥ ቤት ቆመሽ ደርሰሽበታል። መልቪም ብትሆን የሆሊውድን ፊልሞች አብዝታ የወደደች ሰው ነበረች። ስለዚህ መውደድሽና መከፋትሽ አንድ ላይ ቢኖሩ አይግረምሽ።

በምን እሻላለሁ ያልሽው ጥያቄ ያሳዘነኝ ጥያቄ ነው። ቀጥታ ልመልስልሽ፤ አንቺና እሱ አንድ አይደላችሁም።

ያየሽው ግቢ በእውነት የሚኖርበት ሰው የለም። ያ ሁሉ አፓርታማ፣ ደረጃው፣ አበባው ሁሉ ሆሊውድ ውስጥ ስቱዲዮ ውስጥ የተገነባ ነው። የፊልሙ ዋና ተዋናይት ግሬስ ኬሊ ካሜራ እንዳለ ታውቃለች። ፈቅዳ፣ ተከፍሏት፣ ሥራዬ ብላ ነው የቆመችው። ያ ልጅ ያየው ግን ፈቃድሽን ሳይጠይቅ ነው። ደስ ያለውም ባለማወቅሽ ነው። ብርሃኗ ባትጠፋ ኖሮ ዛሬም አታውቂም ነበር። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ደግሞ ያ ፊልም በማየት ደስታ ብቻ ጥሎሽ አይሄድም። ቴልማ ሪተር የተጫወተቻት ነርስ ገና በመጀመሪያው ትቆጣዋለች፤ ሰው ከራሱ ቤት ወጥቶ ወደ ውስጥ ቢመለከት ይሻለው ነበር ትለዋለች። ግሬስ ኬሊ የሆነቻት ሊሳ ደግሞ ቁጭ ብላ የምትታይ ብቻ አይደለችም። መሰላል ወጥታ ወደ ተጠርጣሪው ቤት የገባችው እሷ ናት፤ ሰውዬው ወንበር ላይ ነው። ተጠርጣሪው ሲይዛት ጣቷ ላይ ያደረገችውን የሚስቱን ቀለበት ከጀርባዋ ለፎቶ አንሺው ታሳያለች። ያን ጊዜ ገዳዩ ምልክቷን ያይና ቀና ብሎ ቀጥታ ወደ እኛ ያያል። ትዝ አለሽ? እኔ እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ ወደ ኋላ እላለሁ። ያ ሁሉ ጊዜ በደህና ተደብቀን ስናይ የቆየን ሰዎች ተያዝን። በኋላም ክፍሉ ድረስ መጥቶ ምን ትፈልጋለህ ሲለው ፎቶ አንሺው የሚመልሰው የለውም።

ያቺ ዳንሰኛዋስ? ፊልሙን ሙሉ በአጭር ልብስ ስትወዛወዝ የምናያት? ስለ እሷ የምናውቀው ከመስኮት የታየውን ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ የምትጠብቀው ሰው ከውትድርና ይመለሳል፤ አጠር ያለ፣ መነጽር ያደረገ ወታደር። ገና ከመግባቱ ራበኝ ብሎ ወደ ፍሪጅ ይሄዳል። ለእኔ ከግድያው ይልቅ ይህ ነው የቀረልኝ። ሰውን በመስኮት ስናይ ስንቱን ነው የምንስተው።

እንዲህ ስልሽ ግን ሁሉንም ነገር ንጹሕ ላደርግልሽ አይደለም። ካሜራ ፊት መቆም ሁልጊዜ በፈቃድ ብቻ አያልቅም። ቲፒ ሄድረን በ1963 በወጣው «ዘ በርድስ» ውስጥ ወፎች የሚያጠቋትን ሴት ሆና ሠርታለች። ሰው ሠራሽ ወፎች ይሆናሉ ተብላ ስትጠብቅ፣ ለአምስት ቀን እውነተኛ ወፎች ተወረወሩባት። ዓይኗ አጠገብ ቆሰለች፤ ሐኪም እረፍት አዘዘላት። በ2016 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳም ሂችኮክ እንዳሳደዳትና ያለ ፈቃዷ እንደነካት ጽፋለች። እሱ በ1980 ሞቷል፤ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። እኔ እሷን አምናታለሁ። ፊልሙን ሳይም ይህ አይረሳኝም።

ካሜራው ፊት የቆመችዋ ጃኔት ሊ ራሷስ? የ«ሳይኮ»ን የሻወር ቦታ፣ ሜሪየን የምትገደልበትን፣ ለመቅረጽ ሰባት ቀን ፈጅቷል። ደም የመሰለው የቸኮሌት ሽሮፕ ነው። እያንዳንዱን ዘዴ ታውቃለች፤ እዚያው ነበረች። ሆኖም ፊልሙ ተጠናቅቆ ካየችው በኋላ ሻወር እንደተወች፣ ገንዳ ውስጥ መታጠብ እንደመረጠች ተናግራለች። ሰው እዚያ ቦታ ምን ያህል መከላከያ እንደሌለው የገባት ያኔ ነው። «ፊልም እኮ ነው» የሚለው ቃል ለእሷም አልሠራም።

እንግዲህ ምን ታደርጊ? መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለባልሽ ብትነግሪው የምትፈሪው ምን እንዲል ነው? «ለምን አልጮህሽም?» እንዲል ነው? «ማነው እሱ፣ የት ነው ያለው?» ብሎ እንዲነሳ ነው? ወይስ እንዲያዝንልሽና ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይን እንዲያይሽ? መልሱን ለእኔ መላክ የለብሽም። ለራስሽ ብቻ እወቂው፤ ምክንያቱም የምትጀምሪበትን ዓረፍተ ነገር የሚሰጥሽ እሱ ነው።

ተነስቶ ልጁን ይፈልጋል ብለሽ ከፈራሽ «አንድ ነገር ልነግርህ ነው፤ እንድታደርግልኝ የምፈልገው ነገር የለም፣ እንድትሰማኝ ብቻ ነው» ብለሽ ጀምሪ። ለምን ዝም አልሽ ይለኛል ካልሽ እኔ ያልኩትን የግቢውን ሁኔታ አስቀድመሽ ንገሪው፤ የማን ቤት እንደነበር፣ አንቺ ስንት ዓመትሽ እንደነበር። ጨርሶ ከመናገርሽ በፊት ጥያቄ ከጀመረ ደግሞ «ልጨርስ» ማለት ትችያለሽ።

ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ፊልሙ ቆሞ እየጠበቀ አይሁን። በቀን ይሁን። ልጃችሁን ይዛችሁ ስትወጡ፣ ወይም ጎን ለጎን ስትራመዱ። ከባድ ነገር ፊት ለፊት ተያይቶ ከመናገር ጎን ለጎን ሆኖ መናገር ይቀላል፤ በተለይ ጉዳዩ መታየት ሲሆን። የቀዳዳውን፣ የባልዲውን፣ የብርሃኗን ነገር እንደጻፍሽልኝ አድርገሽ ንገሪው። ከዚያ «አንተ ከወዲህ ነበርክ፣ እኔ ከወዲያ ነበርኩ» በይው። ፊልም የሚወድ ሰው ነው። ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

አሁን መንገር ካልፈለግሽ ደግሞ ግዴታ የለብሽም። ባል መሆን ሁሉንም ነገር ወዲያው የማወቅ መብት አይሰጥም። «እንደዚያ ዓይነት ቦታ ሲመጣ ይከብደኛል፤ ምክንያቱን ዝግጁ ስሆን እነግርሃለሁ» የሚለው ይበቃል። ሁለተኛ እንዳይስቅ ያደርገዋል።

የቅዳሜን ነገር እንዲተወው ከመንገርሽ በፊት ሪሞቱ በእጅሽ ይሁን። በቀላሉ የምናገረው እንዳይመስልሽ። ማቆም የምትችይ አንቺ ስትሆኚ ማየት ሌላ ነገር ነው። መብራቱም ቢበራ ፊልሙ አይበላሽም። የሚታየውን ፊልም በየተራ ምረጡ፤ ቀጣዩ ተራ ያንቺ ነው።

«ቨርቲጎ»ን እንይ ካለሽ ትንሽ አቆዪው እንጂ አትፍሪው። ሰውዬው ጁዲ የምትባል ሴት ልብሷን፣ የጸጉሯን ቀለምና አሠራር ሳይቀር እያስለወጠ የሞተችበትን ሴት ሊያደርጋት ይሞክራል። ያሳምማል። ግን ሂችኮክ የጁዲን ምሥጢር ከእሱ በፊት ለእኛ ይነግረናል። ከዚያ በኋላ እሱ ሲያያት እኛ እሷ የሚሰማትን እያወቅን ነው። አንቺ ከባልሽ በላይ የምታዪው ፊልም ይሆናል ብዬ እገምታለሁ።

«ፒፒንግ ቶም» የሚባለውን ግን ለጊዜው ይለፍሽ። የ1960 ነው፤ ማይክል ፓውል የሠራው። ሴቶችን እየቀረጸ የሚገድል ሰው ታሪክ ነው፤ የራሳቸውን ፍርሃት በመስታወት እያሳያቸው። ያኔ የእንግሊዝ ተቺዎች ቀጠቀጡት፤ ዛሬ ትልቅ ሥራ ነው ይባላል። ትልቅነቱን አልክድም። ያንቺ ቅዳሜ ግን አይደለም።

እኔ ብሆን የምመርጠው አኜስ ቫርዳ በ1962 የሠራችውን «ክሌዮ ከ5 እስከ 7» ነው። ፓሪስ ውስጥ የሕክምና ውጤት የምትጠብቅ ዘፋኝ ታሪክ ነው፤ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ያያታል፤ እሷም ራሷን በመስታወት ታያለች። መሐል ላይ ዊጓን አውልቃ ትጥልና ጥቁር ቀሚስ ለብሳ ብቻዋን ትወጣለች። ከዚያ በኋላ የምታየው እሷ ናት፤ መንገዱን፣ ካፌውን፣ ሰዉን። ባልሽ አጠገብ ተቀምጠሽ አንድ ጊዜ ከእንደዚህ ዓይነት ሴት ጋር እንድትራመጂ እፈልጋለሁ።

የመጨረሻ አንድ ነገር። እንግዳ መታጠቢያ ቤት ስትገቢ ግድግዳውን የምትፈትሺ ከሆነ፣ እንቅልፍ የሚነሳሽ ከሆነ፣ ወይም ከባልሽ ጋር ስትሆኚ ያ ቀን የሚመጣብሽ ከሆነ አንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። እብድ ነሽ ማለቴ አይደለም። አሥራ አንድ ዓመት ብቻሽን የያዝሽውን ነገር እንዴት እንደሚያስቀምጡት የሚያውቅ ሰው ቢያግዝሽ ብዬ ነው። መጀመሪያ ቀን ሁሉንም መናገር አይጠበቅብሽም፤ ለእኔ የጻፍሽውን ደብዳቤ ይዘሽ ሂጂና አስነብቢያቸው።

ከባልሽ ጋር ካወራችሁ በኋላም፣ ሳታወሩም ቢሆን፣ ጻፊልኝ። ስትጽፊ ይህችን አብረሽ መልሺልኝ፤ ዛሬ በራስሽ ቤት ገላሽን ስትታጠቢ መብራቱን ታበሪዋለሽ?